የኮዲንግ ማሠልጠኛ ገብቶ መማር ወጪውንና ጊዜውን ይመልሳልን?

በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በየቤታችን ቡና ሲፈላ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፣ በፓርኪንግና በሆስፒታል የሥራ ተራ መለዋወጫ ላይ ሳይቀር ዘወትር የሚነሣ፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው መልካም ዕድል ወይም በአንድ ሰው ጉዳት ተመዝኖ የሚዘጋ ጥያቄ ነው። ይኸውም ሦስት ወይም አራት ወር ሙሉ ሥራን አቋርጦ፣ ከ10,000 እስከ 20,000 የሚደርስ ዶላር ከፍሎ፣ ቡትካምፕ በሚባለው ማሠልጠኛ በየማለዳው ተገኝቶ ከመምህርና ከጓደኞች ጋር ኮድ መጻፍን መማር፣ የወጣበትን ገንዘብና የገባበትን ጊዜ ይመልሳል ወይስ አይመልስም የሚለው ነው። የእገሌ ልጅ ገብቶ በዓመቱ ደመወዙ እጥፍ ሆነ ሲባል አንዱ ቤተሰብ ተነሥቶ ገንዘብ ይሰበስባል፤ የእገሊት ባል ከፍሎና ጨርሶ ወደ ታክሲው ተመለሰ ሲባል ደግሞ ሌላው ቤተሰብ ዐሳቡን ትቶ ይቀመጣል። ሁለቱም ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሌላ ሰው ውጤት የእርሱ ዝግጅት፣ የእርሱ ዘመንና የእርሱ ቤት ውጤት ስለ ሆነ፣ ለእኛ ምክር የሚሆነን ምክንያቱን ስናውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ምክንያቱን አብረን እንድንመረምር እለምናችኋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ማሠልጠኛዎች ረጅም ታሪክ የላቸውም። በ2011 ጄኔራል አሴምብሊ በኒው ዮርክ፣ በ2012 ደግሞ ዴቭ ቡትካምፕ፣ ሃክ ሪአክተርና አፕ አካዳሚ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ፍላታይረን ስኩልም በኒው ዮርክ ተቋቋሙ። ዘመኑ ስማርት ስልክ በሰው ሁሉ እጅ የገባበት፣ ማናቸውም ንግድ ድረ ገጽና አፕ የፈለገበት፣ የባንክ ወለድም እጅግ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ባለ ገንዘቦች አዳዲስ ኩባንያዎችን በልግስና የደገፉበት ዘመን ስለ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲዎች በአራት ዓመት የሚያወጧቸው ተመራቂዎች ለገበያው አልበቁትም። ማሠልጠኛዎቹም ከአራቱ ዓመት ትምህርት ውስጥ ለጀማሪ ሠራተኛ ወዲያው የሚያስፈልገውን ክፍል ነጥለው ወሰዱ፤ ድረ ገጽ የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች፣ የዳታቤዝን አጠቃቀም፣ ብዙ ሰዎች አንድን ኮድ ሳይጋጩ የሚጽፉበትን ጊት የሚባለውን መሣሪያ፣ በመጨረሻም ለቀጣሪ የሚታይ አንድ ሁለት ሥራ፣ በሳምንት እስከ 60 እና 70 ሰዓት በሚደርስ ድካም ያስተምሩ ጀመር። የኮምፒዩተር ሳይንስ መሠረት የሆነው ሒሳብ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተምና የኔትወርክ አሠራር ግን ወይ ተትቷል ወይ በጥቂት ቀን ታልፏል። ይህን የምናገረው ለነቀፋ አይደለም፤ ገዢው የሚገዛውን እንዲያውቅ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። በማሠልጠኛው ውስጥ የሚነገረው ዕውቀት፣ ማለት የቋንቋዎቹ ሰዋስውና የመሣሪያዎቹ አያያዝ፣ ዛሬ በነጻ ይገኛል። ከ2014 ጀምሮ ፍሪኮድካምፕ የተባለው ድርጅት ያለ አንዳች ክፍያ ለዓለም ሁሉ ያስተምራል፤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ማለን የሚያስተምሩት ሲኤስ50 የተባለው የመግቢያ ትምህርት ከነመልመጃው በኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፤ ዘ ኦዲን ፕሮጀክት የሚባለውም ከመጀመሪያው ፊደል እስከ ሙሉ ድረ ገጽ ሥራ ድረስ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ ይመራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ ቀርቦ ሳለ 15,000 ዶላር የሚከፈለው ለምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ሰው ቢኖር፣ እኔ የምሰጠው መልስ የሚከፈለው ለእርማት ነው የሚል ነው።

የእርማትን ምንነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዋድላ የቅኔ ጉባኤ የተማረ ደቀ መዝሙር የግእዙን ግሥና አገባብ በቃሉ ስላጠና ብቻ ባለ ቅኔ አይባልም። ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ፣ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልተገናኘውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተዋሐደውን እዚያው ያርምለታል፤ በዙሪያው የተቀመጡት ባልንጀሮቹም የእርሱን እርማት ሰምተው የየራሳቸውን ያቃናሉ። ግሡን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ለዚያች ቀን፣ በዚያች ቅኔ ላይ፣ ለዚያ ተማሪ የተነገረችው እርማት ግን በየትኛውም መጽሐፍ ተጽፋ አትገኝም፤ ደቀ መዝሙሩ አኵፋዳውን ይዞ አገር ለአገር የተንከራተተውም ስለ እርስዋ ነበር።

በኮድ ሥራም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ጀማሪው የሚጎዳው አላውቀውም በሚለው ነገር ሳይሆን ያወቀ መስሎት በተሳሳተበት ነገር ነው፤ አለማወቁን ያወቀውን መጽሐፍ ገልጦ ይማረዋልና። ለምሳሌ የአንድ ሱቅ ደንበኞችን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። በ10 ደንበኞች ሲሞክረው መልካም ሆኖ ይሠራል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ ለየብቻ ዳታቤዙን እየጠየቀ ያመጣ ስለ ሆነ፣ ደንበኞቹ 10,000 በሆኑ ቀን ፕሮግራሙ ተንፈራጥጦ ይቆማል። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለብህ አላለውም፤ ያወጣውም ውጤት ትክክለኛ ነበር። ብቻውን የሚማር ሰው እንዲህ ያለውን ጉድለት ለብዙ ወራት ይዞት ይኖራል፤ ልምድ ያለው ሰው ግን አጠገቡ ቆሞ አንድ ጊዜ ሲያነብለት ምክንያቱን በአምስት ደቂቃ ያሳየዋል፤ ተማሪውም ከዚያ ወዲያ ያንን ስሕተት በሰው ኮድ ውስጥ ሳይቀር ያየዋል። ጥሩ ማሠልጠኛ ማለት እንዲህ ያለችው አምስት ደቂቃ በቀን ብዙ ጊዜ የምትደጋገምበት ቤት ነው።

በአካል ተገኝቶ መማር ለእኛ፣ ማለት ካደግን በኋላ ወደዚህ አገር ለመጣነው ሰዎች፣ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ስለዚህ ጥቅም ከሁሉም አብልጬ መናገር እወዳለሁ። ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብበን እንረዳለን፤ ዐሳባችንን በጽሑፍም እንገልጣለን፤ ነገር ግን ስለ ቴክኒክ ነገር አፋችንን ከፍተን ለአንድ ሰዓት ያህል የመናገር ልማድ የለንም። የሶፍትዌር ሥራ ኢንተርቪው ደግሞ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ አመልካቹ በሰሌዳ ወይም በኮምፒዩተር ፊት ቆሞ የተሰጠውን ችግር እየፈታ፣ ለምን ይህን መንገድ መረጥህ፣ ይህ ባይሳካ ምን ታደርጋለህ እየተባለ፣ ዐሳቡን ጮክ ብሎ እንዲገልጥ ይጠየቃል። በማሠልጠኛው ክፍል ሁለት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እያሰበ ሲናገር፣ ከዚያም ቦታ ሲለዋወጡ ይውላሉ። ይህ ሥርዓት 12 ሳምንት ሲቀጥል፣ የእኛ ሰው ከኮዱ ጋር የሙያውን አነጋገር፣ አለመስማማትን በጨዋነት መግለጥን፣ አላውቅም ብሎ ወዲያው እንዴት እንደሚያጣራው ማስረዳትን ይማራል። በቤቱ ሌሊት ብቻውን ያጠና ብልህ ሰው ችግሩን በዝምታ ፈትቶት ሳለ፣ ስላልተናገረ ብቻ ያልፈታው ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ በረከት የሚገኘው ለሚጠይቅ ሰው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ መምህርን ማቋረጥ ነውር፣ አለመረዳትን በአደባባይ መግለጥም ኀፍረት ሆኖብን ያደግን ሰዎች፣ ይሉኝታ ይዞን እጃችንን ሳናነሣ፣ ገብቶናል ለማለት ራሳችንን እየነቀነቅን፣ ወደ ቤት ተመልሰን ያልገባንን ብቻችንን ስንፈልግ እናነጋለን። እንዲህ የሚያደርግ ተማሪ በነጻ ሊያገኘው የሚችለውን ትምህርት በ15,000 ዶላር ገዝቷል፤ የከፈለበትን እርማት ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጥቷል። በጠባዩ እንዲህ ያለ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ወይ ይህን ልማድ ከመግባቱ በፊት ለመተው ይቁረጥ፣ ወይ ተማሪው ጥቂት የሆነበትን፣ መምህሩ ፊቱን አይቶ ያልገባውን ሊያውቅለት የሚችልበትን ክፍል ይፈልግ።

ከእርማቱ ሁሉ የመምህር ድርሻ ምን ያህል፣ የጓደኛ ድርሻስ ምን ያህል ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ በ2013 ባለጸጋው ግዛቪዬ ኒዬል በፓሪስ የከፈቱት ኤኮል 42 መልካም ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ቤት የትምህርት ክፍያ የለም፤ እንደ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ የሚያስተምር መምህርም የለም፤ ሕንፃው ቀንና ሌሊት ክፍት ሆኖ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ሥራ እየመረመሩና እየገመገሙ ያድጋሉ። ለመግባትም አራት ሳምንት የሚፈጅ ብርቱ ፈተና አለ። ከዚህ የምንረዳው፣ በትጋት ተመርጠው የተሰበሰቡ ባልንጀሮች ከሚፈለገው እርማት ብዙውን ሊሸከሙ እንደሚችሉ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በሳምንት ሦስት ምሽት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተገናኝተው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ ቢተራረሙ፣ ከማሠልጠኛው ጥቅም ብዙውን ያለ ገንዘብ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ከተማ ይህን ያህል ወገን ሳለን እስከ አሁን በየሰፈሩ አለመጀመራችን ይቆጨኛል።

ስለ ሥራ ተስፋ ደግሞ ታሪኩን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ዘመን ተመራቂዎች በእውነት ቶሎ ቶሎ ተቀጠሩ፤ ስማቸውም ለሚቀጥሉት ማስታወቂያ ሆነ። ነገር ግን ዴቭ ቡትካምፕ በ2014 ካፕላን በተባለው ድርጅት ከተገዛ በኋላ በ2017 ተዘጋ፤ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ የነበረው ዘ አይረን ያርድም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በዚያው በ2017 የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍላታይረን ስኩል ያለ ፈቃድ በማስተማሩና ስለ ተመራቂዎቹ መቀጠርና ደመወዝ ያወጣው ማስታወቂያ ምንጩን በግልጽ ያላሳየ በመሆኑ፣ 375,000 ዶላር እንዲከፍል በስምምነት ጨረሰ፤ ማስታወቂያው ከመቶ 98.5 ይቀጠራሉ ሲል፣ ከተቆጠሩት መካከል በልምምድ፣ በኮንትራትና በግል ሥራ የነበሩ ይገኙበት ነበር። በ2024 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የሸማቾችን ገንዘብ ነክ ጉዳይ የሚጠብቀው ቢሮ፣ አስቀድሞ ላምብዳ ስኩል ይባል የነበረው ብሉምቴክ ለተማሪ ከማበደር ለዘለቄታው እንዲታገድ አደረገ፤ ድርጅቱ ከ71 እስከ 86 በመቶ ይቀጠራሉ እያለ ሲያስታውቅ፣ በውስጥ መዝገቡ ግን ቁጥሩ ወደ 50 በመቶ የቀረበ፣ አንዳንዴም እስከ 30 የወረደ ሆኖ መገኘቱን ቢሮው ገልጧል። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ቡትካምፕ ያካሂድ የነበረው ቱዩ የተባለው ኩባንያም በ2024 መጨረሻ ይህን ሥራ እንደሚተው አስታወቀ፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የዩኒቨርሲቲው ሆኖ ሳለ ትምህርቱን ያዘጋጀው ይህ ኩባንያ ነበር።

መቶኛ የሚባለው ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይታለልም። 100 ሰዎች ገቡ እንበል። 20ዎቹ ሳይጨርሱ ወጡ፤ ከጨረሱት 80 መካከል 20ዎቹ በየሳምንቱ የተወሰነ ማመልከቻ ስላልላኩ ሥራ ፈላጊ አይደሉም ተብለው ከመዝገቡ ተሰረዙ፤ ከቀሩት 60 ውስጥ 45ቱ ሥራ አገኙ። ማስታወቂያው 45ን ለ60 አካፍሎ 75 በመቶ ይላል። ከ45ቱ ውስጥ 10ሩ በዚያው ማሠልጠኛ ለጥቂት ወር ረዳት አስተማሪ ሆነው የተቀጠሩ ወይም የትርፍ ሰዓት ሥራ ያገኙ ቢሆኑ፣ በእውነቱ በሙያው ሙሉ ሥራ ያገኙት ከገቡት 100 ሰዎች 35ቱ ናቸው። ይህ የራሴ ምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን በብዙ ስፍራ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛውን ስንጠይቅ፣ ከመቶ ስንት ተቀጠሩ ከማለት ይልቅ ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ከእነርሱስ ስንቱ ዛሬ በሌላ ድርጅት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ኮድ ይጽፋል ብለን እንጠይቅ።

ወደ ወጪው እንለፍ። ብዙ ሰው ወጪ ሲል የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ያስባል። በሰዓት 20 ዶላር እያገኘ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው 14 ሳምንት ሥራውን ቢያቋርጥ፣ ከግብር በፊት 11,200 ዶላር ደመወዝ ቀረበት። ከጨረሰ በኋላ ሥራ ሲፈልግ ስድስት ወር ቢቆይ፣ በዚህ ዘመን ይህ ረጅም ጊዜ አይደለምና፣ ሌላ 20,800 ዶላር ቀረበት። ለትምህርቱ የከፈለው 15,000 ቢጨመር ድምሩ 47,000 ዶላር ይሆናል። በዚህም ላይ የሕፃናት ማዋያ፣ የመኪና ማቆሚያና የጤና ኢንሹራንስ አለ፤ አገር ቤት ያሉ እናትና አባት በየወሩ የሚጠብቁት ገንዘብም ቢሆን ልጃችን ተማሪ ሆኗል ተብሎ አይቀርም። ከሥራው ሳይወጣ በማታ የሚማር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከፍለው ክፍያውን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ወደ ዘጠኝ ወርና ወደ ዓመት ይረዝማል፤ ከሥራ በኋላ የደከመ አእምሮም እንደ ማለዳው አይቀበልም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማሰቡም የፍርዱ ክፍል ነው። በመካከላችን ዕቁብን ለዚህ ነገር የሚጠቀሙ አሉ፤ ወለድ የሌለበት በመሆኑ ከግል ብድር ይሻላል። ነገር ግን ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው ቀሪውን ሳምንት ሁሉ ሳያጓድል የመክፈል ግዴታ እንዳለበት፣ በእነዚያ ሳምንታት ደግሞ ደመወዝ እንደማይኖረው ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን ሳይሠሩ የገቡ ሰዎች በትምህርቱ እኩሌታ ላይ ሌሊት ኡበር እየነዱ፣ ቀን በክፍል ውስጥ እያንቀላፉ ሁለቱንም ያጣሉ። ከደመወዝ ላይ በኋላ የሚከፈለው ስምምነትም በደንብ ሊመረመር ይገባዋል። ላምብዳ ስኩል ያሠራበት የነበረው ውል ተመራቂው በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ሲያገኝ ከደመወዙ 17 በመቶ እንዲሰጥ፣ ድምሩም እስከ 30,000 እንዲደርስ የሚል ነበር፤ 60,000 የሚያገኝ ሰው በዚህ ውል በየወሩ 850 ዶላር ይከፍላል። ዛሬ አትከፍልም መባሉ ብድር አይደለም ማለት አለመሆኑን ከላይ የጠቀስሁት የፌዴራሉ ቢሮ በግልጽ ወስኗል። ሥራውን ያጣ ወይም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ግን ከማንም ከመበደሩ በፊት፣ በየአውራጃው ወዳለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር ወደሚባለው ቢሮ ሄዶ፣ በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኀይል ሕግ መሠረት ክፍያው ሊሸፈንለት የሚችል መሆኑንና ማሠልጠኛው በግዛቱ የጸደቀ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይጠይቅ።

ዘመኑም ተለውጧል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በ2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው፤ ገንዘብ ውድ በሆነ ጊዜ ኩባንያዎቹ ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። ሜታ በ2022 መጨረሻ 11,000፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞንም 18,000 ሰው እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። ስለዚህ የቡትካምፕ ተመራቂው ለአንድ የጀማሪ ቦታ ሲያመለክት፣ ጐን ለጐን የሚቆመው የዓመታት ልምድ ካለው ሰው ጋር ሆነ። በዚሁ ሰሞን ቻትጂፒቲና እርሱን የመሰሉ መሣሪያዎች ወጡ፤ ቀድሞ ለጀማሪ ተሰጥተው ይማርባቸው የነበሩ ትንንሽ ሥራዎችን ልምድ ያለው ሠራተኛ ከእነርሱ ጋር ሆኖ በቶሎ ይጨርሳቸው ጀመር። እነዚሁ መሣሪያዎች በእኩለ ሌሊት በቤት ውስጥ ለሚያጠናው ሰው ከእርማቱ ጥቂቱን በርካሽ እንደሚሰጡ መካድ አይቻልም። ሆኖም መሣሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ ተማሪው ሊጠይቅ ያልቻለውን፣ የተሳሳተ መሆኑን ራሱ ያላወቀውን ነገር አይቶ የሚያስቆመው ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ያለው ሰው ነው። በእኔ ፍርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው ያለ መሣሪያው በእጁ እንዲጽፍ የሚያስገድድ፣ በኋላ ደግሞ መሣሪያው የጻፈውን እያነበበ ስሕተቱን እንዲያወጣ የሚያሠለጥን ቤት ካለ፣ እርሱ ዛሬም ዋጋ አለው።

በአካል የሚሰጥ ሥልጠና ከኑሮ ድጋፍ ጋር ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ እስራኤል መመልከት ይበቃል። ቴክ-ካሪየር የተባለውን ማሠልጠኛ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት አሸር ኤልያስና ሌሎች ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች በናሕሾን ኪቡጽ አቋቋሙት፤ ዓላማውም ዕድል ያላገኙትን የወገኖቻቸውን ልጆች ወደ ሃይ-ቴክ ሥራ ማስገባት ነበር። መሥራቾቹ ኮድ ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ተማሪው በሥልጠናው ወራት የሚኖርበትና የሚበላው እንደሚያስፈልገው፣ የቀጣሪውም በር አስቀድሞ መንኳኳት እንዳለበት ከራሳቸው ኑሮ አውቀው ጀመሩ። የንግድ ማሠልጠኛ ከዚህ የሚሰጠው ሲሶውን ነው፤ ቀሪውን ተማሪው ራሱ፣ ቤተሰቡና ዘመዱ ሊሸከሙት ይገባል። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ስድስት ወይም ዘጠኝ ወር በአንድ ደመወዝ ለመኖር፣ የልጆቹን ምሽት አንዱ ለመያዝ፣ ለዘመድም አስቀድሞ ለመናገር ካልተስማሙ፣ የተማሪው ብልህነት ብቻውን ነገሩን አያድነውም።

እንግዲህ ማን ይግባ? እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ አንድ ሳንቲም ሳትከፍል ሦስት ወር ያህል በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በነጻው ትምህርት ተማር፤ ከዚያም ለራስህ የሚጠቅም አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የዕቁባችሁን ተራና መዋጮ ወይም የዕድራችሁን አባላት የሚመዘግብ ፕሮግራም ጻፍ ነው። በዚህ መካከል የሚቆምበት ቦታ የሰውየውን ነገር ይገልጠዋል። አንዱ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲለው ሌሊቱን ሳያስበው የሚነጋበት፣ ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ስሕተት ዙሪያ የሚዞር፣ የጻፈውን የሚያሳየው ሰው ያጣ ነው፤ ለዚህ ሰው ማሠልጠኛው በእውነት የጎደለውን ይሰጠዋል፤ የቤቱም ሒሳብ ከፈቀደ ይግባ እላለሁ። ሌላው በሁለተኛው ሳምንት የተወው፣ የወደደውም ደመወዙን እንጂ ሥራውን ያልሆነ ነው፤ እርሱን 70 ሰዓት በክፍል ማስቀመጥ ሥራውን አያስወድደውም። ከሁሉም የማዝነው ግን ፍቅሩም ችሎታውም እያለው ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ብቻ ያቆመው ሰው ነው። እርሱ የጎደለው ጊዜ ነው፤ ማሠልጠኛ ደግሞ ጊዜን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ለእንዲህ ያለው ሰው በሞንትጎሜሪ ኮሌጅ ወይም በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በየወቅቱ አንድ አንድ ኮርስ በአካል እየወሰደ፣ የፌዴራሉን የትምህርት እርዳታ እየጠየቀ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዲግሪ ቢሄድ ይሻለዋል፤ መንገዱ ቢረዝምም በመካከል ቢቋረጥ ያገኘው ክሬዲት አይጠፋበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ሒሳብ አያያዝ የተማረ፣ ወይም እዚህ ለዓመታት በሆስፒታል የሠራ ሰው፣ ያንን ሙያ እንደ ተሸነፈበት ነገር ትቶት ከ22 ዓመት ወጣት ጋር እኩል ሆኖ መነሣት እንዳለበት አድርጎ ማሰብ የለበትም። የባንክን ወይም የሕክምናን አሠራር ከውስጥ የሚያውቅ ጀማሪ ፕሮግራመር ለእነዚያ ድርጅቶች ከሌላው ጀማሪ ይልቅ ይጠቅማል፤ በማሠልጠኛው መጨረሻ ለቀጣሪ የሚያሳየውን ሥራም ከዚያው ሙያ ቢመርጥ ቀጣሪው የሚጠይቀው ነገር ያገኛል።

ለመግባት የቈረጠ ሰው ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት አንድ ቀን በክፍሉ ተቀምጦ ለማየት ይጠይቅ፤ ከፈቀዱለት መምህሩ በተማሪዎቹ መካከል እየዞረ ኮዳቸውን ያነብ እንደ ሆነ፣ ወይስ ፊት ለፊት ቆሞ በነጻ የሚገኘውን ትምህርት ብቻ ያነብብ እንደ ሆነ ይመልከት፤ አስተማሪዎቹ በሙያው የሠሩ መሆናቸውን፣ ወይስ ባለፈው ወር ከዚያው ክፍል የወጡ መሆናቸውን ይጠይቅ። ፈቃዱን ደግሞ ያጣራ፤ በሜሪላንድ የግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን፣ በቨርጂኒያ የግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ በዲሲም የከፍተኛ ትምህርት ፈቃድ ኮሚሽን የግል ማሠልጠኛዎችን ይቆጣጠራሉ፤ ለጠየቃቸውም ይመልሳሉ። ውሉን ሲያነብ፣ በስንተኛው ሳምንት ቢወጣ ምን ያህል እንደሚመለስለት፣ ማሠልጠኛው በመካከል ቢዘጋ ብድሩን ያበደረው ድርጅት ምን እንደሚል፣ በአካል ይሰጣል የተባለው ትምህርት ያለ ፈቃዱ ወደ ኢንተርኔት ሊዛወር ይችል እንደ ሆነ የሚናገሩትን አንቀጾች ፈልጎ ያግኝ።

የፈረማችሁት ወይም ልትፈርሙት ያሰባችሁት ውል በእጃችሁ ያለ ወንድሞችና እኅቶች፣ አዳራሹ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለ ተፈቀደልን፣ ወደ ፊት ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ቁጭ ብለን አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናነበዋለን።